ከመከርከም በፊት መመርመር፦ በምስል ማዋሐጃ ሶፍትዌር ከወሰን ስለሚያልፉ ቁጥሮች

እንደሚታወቀው በኮምፒውተር ላይ የምናየው ምስል ሁሉ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ የምስል ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ብርሃን አንድ አንድ ቁጥር ይይዛል። በተለምዶም 0 ፍጹም ጥቁርን ሲወክል 1 ደግሞ ስክሪኑ ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ ብርሃን ይወክላል። ይህን የተማረ ሰው ከ0 በታችና ከ1 በላይ ምንም ነገር የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ምስሎችን አንዱን በሌላው ላይ እየነባበረ በሚያዋሕድ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ሥራው የፊልምም ሆነ የሳተላይት ምስል፣ −0.2 ወይም 40 የሚል ፒክስል ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። አልፎ አልፎም ጭራሽ ቁጥር ያልሆነ ፒክስል ይገኛል።

እንዲህ ያለ ፒክስል ሲያጋጥመን የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ እርምጃ አንድ ነው። ሶፍትዌሩ «ክላምፕ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ከዜሮ በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ፣ ከአንድ በላይ ያለውን ሁሉ አንድ ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ «ክርከማ» እለዋለሁ። ቁልፉን እንጫናለን፣ ምስሉ «ይስተካከላል»፣ ወደሚቀጥለው ሥራ እናልፋለን። እኔ ግን ይህ ልማድ ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር የሚጋጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ከወሰን ያለፈ ቁጥር አንድም እውነተኛ መረጃ ነው፣ አንድም የስሕተት ምልክት ነው። ክርከማው ሁለቱንም ሳይለይ ያጠፋቸዋል፤ የሚተወውም መልኩ ያማረ፣ የመጣበት መንገድ ግን የማይታወቅ ቁጥር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአስኮ፣ ከሌሊት ዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የቆርቆሮ ጣራዎችን የሚመለከት ካሜራ አቆምን እንበል። አብዛኛው የምስሉ ክፍል መጠነኛ ብርሃን አለው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ 0.8 አካባቢ፣ የእርጥብ አስፋልት ጥላ 0.03 አካባቢ ይሆናል። አንድ አዲስ ቆርቆሮ ግን ፀሐይን እንደ መስታወት ወደ ካሜራው ይመልሳል። የብርሃኑ መጠን የነጩን ግድግዳ ዐሥር እጥፍ፣ ሃምሳ እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር የሚሠራ ሶፍትዌር ይህን 40 ብሎ መመዝገብ ይችላል። ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የተባለው የፊልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ኦፕን ኢ.ኤክስ.አር. የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት፣ በ16 ቢት ብቻ እስከ 65,504 የሚደርስ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ 40 ለዚህ ፋይል ምንም አይደለም።

አሁን ይህን ምስል ከበስተኋላ አድርገን፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት የተቀረጸን ተዋናይ ከፊቱ እናቁም። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ የዚህን ሥራ አልጀብራ በሚገባ አስቀምጠውታል። ለእያንዳንዱ ፒክስል አልፋ የሚባል አራተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህም የላይኛው ንብርብር ያንን ነጥብ ምን ያህል እንደሚሸፍን ይናገራል። የላይኛው ቀለም በአልፋ ይባዛል፣ የታችኛው ከ1 ላይ አልፋ ተቀንሶ በቀረው ይባዛል፣ ሁለቱም ይደመራሉ። ማባዛትና መደመር ብቻ ነው።

ተዋናዩ ጥርት ብሎ እንዲታይ የበስተኋላውን ምስል እናደብዝዘው። ማደብዘዝ ማለት የእያንዳንዱን ፒክስል ብርሃን ለጎረቤቶቹ ማካፈል ነው። 40 የሆነው የቆርቆሮ ነጸብራቅ ለ100 ፒክስሎች ቢካፈል ለእያንዳንዳቸው 0.4 ይደርሳል፤ እውነተኛ ሌንስ እንደሚያደርገው ሁሉ ደማቅ የብርሃን ክብ ይታያል። አስቀድመን ከርክመን 40ን 1 አድርገነው ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 0.01 ብቻ ነው። የአስኮ ማለዳ ጠፋ ማለት ነው። ተማሪውም «ሶፍትዌሩ አያምርም» ይላል፤ ከዚያም በእጁ ሰው ሠራሽ ብርሃን ሊጨምር ይደክማል።

በየሠርጉ የሚቀረጸውን ቪዲዮ የሚያርትዑ ወጣቶችም ይኸው ችግር በሌላ መልክ ያገኛቸዋል። በተለመደው ባለ 8 ቢት የቪዲዮ ልኬት ጥቁር 16 ላይ፣ ነጭ 235 ላይ ነው። ብዙ የቪዲዮ ካሜራዎች ግን ከ235 በላይም ይመዘግባሉ። የሙሽራዋ ነጭ ልብስና የሚዜዎቹ ነጠላ በቀትር ፀሐይ ሲቀረጹ የነጠላው እጥፋት የሚታየው ብዙውን ጊዜ በዚያ ከ235 እስከ 255 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ይህ ወደ 0 እና 1 ሲቀየር 255 የሚሆነው 1.09 ነው (239 ለ219 ሲካፈል)። አርታዒው ብርሃኑን ትንሽ ቢቀንሰው እጥፋቱም ከጥለቱ አጠገብ ያለው ስስ ሽመናም ተመልሶ ይታያል። ሶፍትዌሩ ፋይሉን ሲከፍት ከከረከመው ግን ነጠላው እንደ ወረቀት ድፍን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ብርሃን ቢቀንሱ የሚገኘው ድፍን ግራጫ ብቻ ነው።

እስካሁን ስለ ትልልቆቹ ተናገርን። ከዜሮ በታች የሆኑት የተለየ ጠባይ አላቸው፤ ብርሃን ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልምና። ታዲያ ከየት ይመጣሉ? ከሚመጡባቸው መንገዶች ዋነኛው የጠርዝ ማጉያ ማጣሪያ ነው። ምስልን ለማጥራት ማጣሪያው የአንድን ፒክስል እሴት በ1.5 አባዝቶ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ሩብ ሩባቸውን ይቀንሳል እንበል። በጣራው ነጸብራቅ ጠርዝ ላይ 0.02 የሆነ ጥቁር ፒክስል በአንድ በኩል 1፣ በሌላ በኩል 0.02 ቢኖረው ውጤቱ 0.03 ሲቀነስ 0.25 ሲቀነስ 0.005፣ ማለትም −0.225 ይሆናል። ምስልን ለማሳነስና ለማዞር የሚያገለግሉ አንዳንድ ማጣሪያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ከአንድ የቀለም ሥርዓት ወደ ሌላው ስንሸጋገርም እጅግ ደማቅ የሆነ ሰማያዊ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት በአዲሱ ሥርዓት ቀይ ወይም አረንጓዴ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም «ይህ ቀለም በአዲሱ ሥርዓት ወሰን ውስጥ የለም» ማለት ነው።

በስክሪን ላይ −0.225 ልክ እንደ ዜሮ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። ችግሩ በሚቀጥለው ስሌት ይወለዳል። ሁለት አሉታዊ ቁጥሮች ሲባዙ አዎንታዊ ስለሚሆኑ ጥቁር መሆን ባለበት ቦታ ብሩህ ነጥብ ይፈልቃል። ከዚህም የከፋው ካሬ ሥር ወይም ሎጋሪዝም ሲወሰድ ነው፤ በእውን ቁጥሮች ዓለም ለአሉታዊ ቁጥር ሁለቱም የሉም። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ «ናን» የሚባለውን ይጽፋል፤ ትርጉሙም «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የተንሳፋፊ ነጥብ ስሌት ደረጃ እንደ ዜሮ ለዜሮ ማካፈል ላሉ ውጤት አልባ ስሌቶች ያስቀመጠው ምልክት ነው። በምስል ማዋሐድ ሥራም ቀለምን መልሶ በአልፋ ማካፈል የተለመደ ስለሆነ፣ አልፋ ዜሮ በሆነበት ቦታ ጥንቃቄ ያልተደረገበት ሶፍትዌር በቀጥታ ናን ያመርታል።

ናን ተላላፊ ነው። ከማንኛውም ቁጥር ጋር ቢደመር ናን ነው፤ በዜሮ እንኳ ቢባዛ ናን ነው። አንዲት የናን ፒክስል 51 በ51 ስፋት ባለው ማደብዘዣ ውስጥ ብታልፍ የሚወጣው ምስል 2,601 የሞቱ ፒክስሎች ያሉት አራት ማዕዘን ይኖረዋል። ተማሪው ይህን ጥቁር ካሬ ሲያይ ካሜራው ተበላሸ፣ ፋይሉ ተበላሸ፣ ቫይረስ ገባ ይላል እንጂ ከዐሥር ደረጃዎች በፊት የተሠራ የካሬ ሥር ስሌት ነው ብሎ አይገምትም።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውለው የምፈልገው አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ከወሰን ያለፈ ፒክስል ለመፈለግ ብዙዎች «ከ0 ያንሳል ወይስ ከ1 ይበልጣል?» ብለው ይጽፋሉ። ናን ግን ከምንም አያንስም፣ ከምንም አይበልጥም፣ ከራሱም ጋር እኩል አይደለም። ስለዚህ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ «አይደለም» ይሆንና ናን እንደ ጤነኛ ፒክስል ያልፋል። ጥያቄው መገልበጥ አለበት፤ «ከ0 ይበልጣል ወይም እኩል ነው፣ እንዲሁም ከ1 ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለውን የማያሟላ ሁሉ ይመዝገብ። ናንን ብቻውን ለመለየት ደግሞ «ከራሱ ጋር እኩል ያልሆነ» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ክርከማውም ራሱ ናን ሲደርሰው የሚሰጠው መልስ እንደ ሶፍትዌሩ አጻጻፍ ይለያያል፤ አንዱ ዜሮ፣ ሌላው አንድ፣ ሌላው ናኑን እንዳለ ይመልሳል። በክርከማ ተማምኖ መተኛት የማይቻለው ስለዚህ ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ብሌንደርም ሆነ ናትሮን በነጻ የሚገኙ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ጠቋሚውን ፒክስሉ ላይ አድርጎ እውነተኛ ቁጥሩን ማንበብ ይቻላል። የማሳያውን ብርሃን ብቻ፣ ምስሉን ሳይነኩ፣ በእጅጉ ዝቅ ማድረግ ከ1 በላይ ያሉት እርስ በርሳቸው የሚለያዩ መሆን አለመሆናቸውን ያሳያል። የምስሉን ትንሹንና ትልቁን እሴት መጠየቅ፣ ከወሰን ያለፉትን በአንድ ደማቅ ቀለም መቀባት፣ ብዛታቸውን መቁጠር፤ እነዚህ ሁሉ በፓይተን የጥቂት መስመሮች ሥራ ናቸው። ካሜራ የያዘ ሁሉ «ዜብራ» የሚባለውን፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በሰረዝ የሚያሳየውን ምልክት ያውቃል፤ የምንፈልገው ዜብራውን እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ይዘነው እንድንሄድ ነው።

ወሰኑ ራሱ የሚወሰነው ግን ቁጥሩ በሚወክለው ነገር ነው። ብርሃን ወለል እንጂ ጣራ የለውም። አልፋ የሽፋን ድርሻ ስለሆነ ወለልም ጣራም አለው፤ 1.2 የሆነ አልፋ የታችኛውን ንብርብር በ−0.2 ስለሚያባዛ ትርጉም የለውም፣ እዚህ ላይ ክርከማ ተገቢ ነው። የእንቅስቃሴ አቅጣጫን የሚይዝ ንብርብር ደግሞ ወደ ግራ የሄደውን ነገር በአሉታዊ ቁጥር ስለሚጽፍ ዜሮ ላይ ቢከረከም የምስሉ ግማሽ እንቅስቃሴ ይቆማል። የከፍታ ካርታንም እንደ ምስል ከፍቶ መልክዓ ምድር መሥራት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ የተተከለ ራዳር አብዛኛውን የዓለም የብስ የለካበት የከፍታ መረጃ ዛሬም በስፋት ይሠራበታል። በዚያ መረጃ ውስጥ የደናክል ዝቅታ ፒክስሎች አሉታዊ ናቸው፤ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነውና። ዜሮ ላይ የከረከመ ተማሪ ከሀገራችን ድንቅ መልክዓ ምድሮች አንዱን ሜዳ አደረገው ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው በመጀመሪያው መረጃ ውስጥ −32,768 የሚሉ ፒክስሎችም ይገኛሉ። እነዚህ ጥልቀት አይደሉም፤ «እዚህ ልኬት አልተገኘም» የሚሉ ምልክቶች ናቸው። ሁለቱም ከዜሮ በታች ናቸው፤ አንደኛው እውነት፣ ሌላኛው የእውነት አለመኖር ምልክት። የትኛውም የክርከማ ቁልፍ ይህን ልዩነት አያውቅም።

ጉዳዩ ከፊልም ይልቅ በሳተላይት ምስል ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ይበልጥ ያሳስበኛል። በክረምት የአዲስ አበባ ሰማይ በደመና ስለሚሸፈን የከተማዋን ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት የብዙ ቀናትን ምስሎች አነባብሮ ከእያንዳንዱ ቦታ ደመና የሌለበትን ፒክስል መምረጥ ያስፈልጋል። ይህም በራሱ ምስል ማዋሐድ ነው። አስኮን ይዞ በቡራዩ በኩል እስከ ገፈርሳ የውኃ ግድብ የሚደርሰውን ክፍል ሴንቲኔል 2 ከተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል ወስደን እንሥራ እንበል። ፒክስሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። እሴቱ መሬቱ ከተቀበለው የፀሐይ ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንዳንጸባረቀ ይናገራል።

ከመሬት የሚመጣውን ብርሃን ለማግኘት ከባቢ አየሩ የጨመረው ብርሃን በስሌት ተገምቶ ይቀነሳል። ግምቱ ከእውነቱ ትንሽ ከበለጠ፣ ቀድሞውንም እጅግ ጥቁር የሆኑ ቦታዎች፣ እንደ ጥልቅ ውኃና የደን ጥላ ያሉት፣ ከዜሮ በታች ይወርዳሉ። ይህ አሉታዊ ቁጥር ስለ ውኃው አይናገርም፤ ስለ እርማቱ ስሕተት መጠን ግን ጠቃሚ ምስክር ነው። አሁን የዕፅዋትን አረንጓዴነት የሚለካውን ኤን.ዲ.ቪ.አይ. የተባለውን ቀመር እናስላ፤ ታሕተ ቀይ ሲቀነስ ቀይ፣ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል። ሁለቱም አዎንታዊ እስከሆኑ ድረስ ውጤቱ ከ−1 እስከ 1 ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ወደ 1 ይጠጋል። በአንድ የውኃ ፒክስል ላይ ቀዩ −0.01፣ ታሕተ ቀዩ 0.03 ቢሆን ግን 0.04 ለ0.02 ሲካፈል 2 ይመጣል። ይህን የማይቻል 2 ከርክመን 1 ብናደርገውስ? የገፈርሳ ውኃ በካርታችን ላይ ከአካባቢው ሁሉ የላቀ ጥቅጥቅ ደን ሆኖ ይወጣል። 2 የሚለው ቁጥር «እኔን አትመኑኝ» እያለ ይጮኽ ነበር፤ 1 የሚለው ግን ዝም ብሎ ይዋሻል።

የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትም ይህንኑ ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. ከጥር 25 ቀን 2022 ጀምሮ የምስሎቹን አመዘጋገብ ለውጧል። ቀድሞ ከዜሮ በታች የሆኑት እሴቶች በክርከማ ይጠፉ ስለነበር፣ ከዚያ ቀን በኋላ በሚዘጋጁት ምስሎች ውስጥ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1,000 ይጨመራል። እሴቶቹ በ10,000 ተባዝተው ስለሚቀመጡ ይህ የ0.1 ጭማሪ ነው፤ ተጠቃሚው መልሶ ሲቀንሰው አሉታዊዎቹ ሳይጠፉ ያገኛቸዋል። ሰፊውን መረጃ ለዓለም የሚያከፋፍል ድርጅት ክርከማን ለመተው ሲል የአመዘጋገብ ሥርዓቱን መቀየሩ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው።

ነገር ግን መቀነሱን የረሳ ሰው ምን ይደርስበታል? በእንጦጦ ተዳፋት ያለ የባሕር ዛፍ ደን ቀዩ 0.05፣ ታሕተ ቀዩ 0.35 ቢሆን ኤን.ዲ.ቪ.አይ. 0.75 ነው። 0.1 ሳይቀነስ ቢቀር ቀዩ 0.15፣ ታሕተ ቀዩ 0.45 ይሆንና ውጤቱ 0.5 ይመጣል። የ2021ን ምስል ከ2023 ጋር ያነጻጸረ ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ የደኑ አረንጓዴነት በሲሶ ቀነሰ ብሎ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ይችላል፤ ምናልባትም አንድ ጽሕፈት ቤት በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። በሌላ በኩል አንዳንድ የመረጃ ማከፋፈያዎች 1,000ውን ቀድመው ቀንሰው ስለሚሰጡ ሁለት ጊዜ የሚቀንስም አይጠፋም። ለእሱ ቀዩ −0.05፣ ታሕተ ቀዩ 0.25 ሆኖ ኤን.ዲ.ቪ.አይ. 1.5 ይወጣል። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ሰው ዕድለኛ ነው፤ 1.5 ሊሆን እንደማይችል ቀመሩ ራሱ ይነግረዋል፣ ከርክሞ ካላጠፋው በቀር። የመጀመሪያው ስሕተት ግን በወሰን ውስጥ ስለተደበቀ ምንም ምርመራ በቀላሉ አያገኘውም። ከወሰን ያለፈ ቁጥር ነጻ ማስጠንቀቂያ ነው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሳይንስ ታሪክም ከዚህ ጋር የሚዛመድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በግንቦት 1985 በኔቸር መጽሔት፣ በአንታርክቲካ ሰማይ የኦዞን መጠን በየጸደዩ እጅግ እየቀነሰ መሆኑን አስታወቁ። በዚያው ጊዜ ኒምበስ 7 የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት ኦዞንን ከላይ ትለካ ነበር፤ የስሌት ፕሮግራሟም ከ180 የዶብሰን መለኪያ በታች የሆነውን ውጤት ሁሉ አጠራጣሪ ብሎ ምልክት ያደርግበት ነበር። ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሩ መረጃውን ጣለው» ተብሎ ይነገራል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ቁጥሮቹ አልተጣሉም፣ አልተከረከሙምም፤ ምልክት ተደርጎባቸው ተቀምጠው ስለነበር የሳተላይቱ ቡድን ተመልሶ መርምሯቸው ጉድለቱ እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ። ከ180 በታች ያለው ሁሉ 180 ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ምርመራ አይቻልም ነበር።

መሣሪያው ራሱ የሚከረክምበትም ጊዜ አለ። የኤርታሌን የላቫ ሐይቅ ከጠፈር የሚያየው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ በ4 ማይክሮሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ሁለት መቀበያዎች አሉት፤ አንዱ ረቂቅ ልዩነትን የሚለይ ሲሆን በ331 ኬልቪን ገደማ ይሞላል፣ ሌላው ሸካራ ሲሆን እስከ 500 ኬልቪን ገደማ ይደርሳል። የመጀመሪያው በእሳተ ገሞራ ላይ ሲሞላ የሚነበበው ቁጥር የሙቀቱ መጠን ሳይሆን «ቢያንስ ይህን ያህል» የሚል መልእክት ነው፤ ተመራማሪዎችም በዚያ ቦታ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራሉ። ስለዚህ በምስል ውስጥ ልክ ጣራው ላይ የተደረደሩ እኩል ቁጥሮች ሲበዙ ያም መመርመር አለበት።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑም ሆነ ስልኩ ከ0 እስከ 1 ያለውን ብቻ ስለሚያሳይ በመጨረሻ ሁሉም ይከረከማል፤ ታዲያ ቀድሞ ቢከረከም ምን ይጎዳል? ይባላል። የ40ና የ1 ምሳሌ ለዚህ መልስ ይሆናል። ጠቡ ከክርከማ ጋር ሳይሆን ከቦታው ጋር ነው። ስሌቱ ሁሉ ካለቀ፣ ያለፉት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ከታወቀና የሚስተካከለው ከተስተካከለ በኋላ ለማሳያው ሲባል መከርከም ተገቢ ነው፤ በመሐል ግን አይደለም። ግድ ሆኖ በመሐል ከተከረከመም የትኞቹ ፒክስሎች እንደተነኩ የሚያሳይ ጭምብል፣ ማለትም 0 እና 1 ብቻ ያለው ሌላ ንብርብር፣ አብሮ ይቀመጥ። የአንድ ተጨማሪ ፋይል ወጪ ነው። ጊዜ ያንሳል የሚሉት አርታዒዎች ተቃውሞ የበለጠ ይገባኛል፤ ለሠርግ ቪዲዮ ማንም ሒስቶግራም አይጠይቅም። ቢሆንም ጥቁሩን ካሬ ለማጥፋት ሌሊቱን ሙሉ ከመድከም ናንን በአንድ መስመር መፈለጉ ጊዜ ይቆጥባል።

በትምህርቱ በኩል ያለው ችግር ከዚህ ይከብዳል። በኮምፒውተር ላቦራቶሪዎቻችን ተማሪ ብዙ ጊዜ ውጤት የሚያገኘው ምስሉ ስላማረ ነው፤ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለበት ይማራል፣ ቁልፉ በቁጥሮቹ ላይ የሚያደርገውን ግን አይጠየቅም። በፊዚክስ ላቦራቶሪ ያልተጠበቀ ልኬት ያገኘ ተማሪ ቁጥሩን ሰርዞ የሚጠበቀውን ቢጽፍ ሪፖርቱ ይመለስበታል። ክላምፕን የተጫነ ተማሪ ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት አምጥቃ ምስሎቿን በእንጦጦ ተቀብላለች። ከእንዲህ ዓይነቱ ምስል የእርሻንም የውኃንም ካርታ የሚሠሩት ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ናቸው።

ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ አንድ የሙከራ ሥራ ነው። የሴንቲኔል 2 ምስሎች ለማንም ሰው በነጻ ይገኛሉ። ተማሪዎች አስኮንና ገፈርሳን የሚያሳዩ ሁለት የበጋ ምስሎችን፣ አንዱን ከጥር 25 ቀን 2022 በፊት የተዘጋጀ፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ፣ ይውሰዱ። 1,000ው መቀነስ ያለበት የትኛው ላይ እንደሆነ ከምስሉ ጋር ከሚመጣው መግለጫ ፋይል ያረጋግጡ። ከዚያም በእያንዳንዱ ምስል ከ0 በታች፣ ከ1 በላይና ናን የሆኑትን ለየብቻ ቆጥረው በሦስት ቀለም በካርታው ላይ ያስቀምጡ። ከ1 በላይ የሆኑት በቆርቆሮ ጣራዎች ላይ ናቸው ወይስ በተረሳ የደመና ቁራጭ ላይ? ከ0 በታች የሆኑት በግድቡ ውኃ መሐል ይበዛሉ ወይስ በተራራው ጥላ? አሮጌው ምስል ላይ ከ0 በታች አንድም ካልተገኘ፣ በዚያ ምትክ 1 በሚለው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ የተከማቹ ፒክስሎች ይኖሩ እንደሆነ ይመልከቱ። ውጤቱ ከካርታው ጋር በአንድ ገጽ ይቀርባል፤ ክላምፕ የሚለው ትእዛዝ ለዚያ ቀን የተከለከለ ይሁን።